የቡፌው ዳንቴል

አንድ ባጃጅ ሦስት ሰው ይጭናል። ያን ቀን ከቀትር በኋላ አዳማ ፖስታ ቤት አጠገብ ቆሞ ልዑልሰገድን የጠራው ባጃጅ ግን የጫነው አንዲት ሴትዮና አንድ ቴሌቪዥን ነበር። ቴሌቪዥኑ ከነካርቶኑ የኋላውን ወንበር ከግማሽ በላይ ይዞታል። ከካርቶኑ ጀርባ የሚታየው የነጠላ ጫፍና ካርቶኑን እንደ ሕፃን ያቀፉ ሁለት እጆች ብቻ ናቸው።

«ፍራንኮ ሰፈር፣ አንድ ሰው! ግባ፣ ጥጉን ያዝ» አለ ሾፌሩ።

ልዑልሰገድ ጎንበስ ብሎ ገባና ካርቶኑን በትከሻው ደገፈ።

«ቀስ በል ልጄ! ለልጅ ልጄ የገዛሁላት ነው» አለ ከካርቶኑ ማዶ የመጣ ድምፅ።

«ስንት ዓመቷ ቢሆን ነው ይህን የሚያህል ቴሌቪዥን የተገዛላት?»

«ገና መራመዷ ነው። ቆይ፣ ቆይ፤ ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ። የአብተው ልጅ! ልዑሌ አይደለህም?»

ወይዘሮ ሮማነወርቅ ነበሩ፤ ልዑልሰገድ ያደገበት ግቢ የአጥር ጎረቤት። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ሲገናኙ መሳሳም ይገባቸው ነበር፤ ካርቶኑ በመሀል ስለገባ ግን በእጃቸው ጫፍ ብቻ ተጨባበጡ።

«ኖርዌይ ነው አሉ የነበርከው። ምን ተማርክ?»

ልዑልሰገድ ከተመለሰ ወዲህ የሚፈራው ጥያቄ ይህ ነበር። የተማረው ምሕንድስና ነው፤ የሠራው ግን የቤት ዕቃ በሚፈተሽበት ድርጅት ውስጥ ነው። ምድጃ ይመጣል፤ በሩን ከፍቶ ክብደት ይሰቅልበታል፤ ይገለበጥ እንደሆነ ያያል። ካልተገለበጠ ሌላ ክብደት ይጨምራል። ወጣትነቱን የጨረሰው እንዲህ ዕቃ ሲጥል ነው ብሎ ለአዳማ ሰው እንዴት ይነግራል? እሱ ራሱ አንዳንድ ቀን ሥራዬ ሥራ ነው ወይ ይላል። የመጣውም ለዕረፍት ይሁን ለመቅረት ገና አልወሰነም።

«ስለ ዕቃ ደኅንነት ነው እትዬ ሮማን» አለ ባጭሩ።

«በል እንግዲያ ይህን ዕቃ በደኅና አስገባልኝ!»

ሳሎናቸው እንደ ድሮው ነበር። ፊት ለፊት ትልቁ ቡፌ፣ ከበላዩ የባላቸው ፎቶግራፍ፤ ቡፌው ላይ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ዳንቴል። እትዬ ሮማነወርቅ ልጃቸው ልዩ ስትዳር ለመልሷ ብለው በኪሮሽ የሠሩት ነው። ጽጌረዳ ጽጌረዳው እየተያያዘ ከቡፌው ጠርዝ ይወርድና እስከ ጉልበት ይንዠረገጋል፤ ጫፍ ጫፉ ላይ ቀይ ጨሌ ተንጠልጥሎበታል። ወደዚያ ቤት የገባ እንግዳ መጀመሪያ ዳንቴሉን ያደንቃል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚቀመጠው።

ቴሌቪዥኑን ከካርቶኑ አወጡና በሁለቱ ቀጫጭን እግሮቹ ዳንቴሉ ላይ አቆሙት። እትዬ ሮማነወርቅ ወደ ኋላ ራቅ ብለው አዩት።

«እንዴት ነው?»

የልዑልሰገድ ዓይን ከቴሌቪዥኑ እግር ተነሥቶ በጽጌረዳዎቹ ላይ ወርዶ ጨሌዎቹ ጋ ቆሟል።

«የልጅቷ ስም ማን ነው?»

«ሃዊ። አባቷ ጫምሳ ነው ያወጣላት። እሑድ ያመጡልኛል። ልዩ አዳሚ ቱሉ እርሻ ምርምሩ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ሰኞ ሥራ ትገባለች። ልጅቷን እኔ ጋ ሊተዉልኝ ተነጋግረን ጨርሰን ነበር፤ አሁን ልዩ ሆዬ ታወላውላለች።»

«ለምን?»

«ባለፈው መጥተው ልጅቷ የውሃ ማፍያውን ሽቦ ሳበች፤ ማፍያውም ወደቀ። ባዶ ነበር'ኮ! ልዩ ግን ጩኸቷን ለቀቀችው። "እማዬ፣ ይህ ቤት ለሕፃን አይሆንም፤ ካልተስተካከለ ሁሩታ፣ ጫምሳ እናት ጋ ነው የምወስዳት" አለችኝ። ለኔ! አምስት ልጅ ላሳደግሁት!» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አባታቸው ካረፈ ጀምሮ በዚህ ቤት የሚናገረው የግድግዳ ሰዓቱ ብቻ ነው። ቴሌቪዥኑን የገዛሁት የልጆች ፊልም እያየች ከኔ ጋ እንድትውል ብዬ ነው።»

ልዑልሰገድ ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ ሮማን፣ ልናገር አይደል? ልዩ እሑድ መጥታ ይህን ብታይ ሃዊን ይዛት ትመለሳለች።»

«ምኑን ብታይ?»

«ዳንቴሉን። ሃዊ ስትስበው ቴሌቪዥኑ የሚያርፈው ራሷ ላይ ነው።»

እትዬ ሮማነወርቅ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። እንዲህ አጥብቀው ሲቀመጡ ክርክር እንደመጣ ሰፈሩ ያውቃል።

«ስማ ልዑሌ፤ ልጅ የሚጠበቀው በዓይን ነው። ዕቃ በመደበቅ አይደለም።»

«ዓይንዎስ? በር ሲንኳኳ የት ያያል? ስልክ ሲጮህስ?»

«"ተይ፣ እፉ ነው!" እላታለሁ።»

«እፉ ማለት ምን እንደሆነ የምታውቀው ከነካችው በኋላ ነው።»

«አምስቱም እንዲሁ ነው ያደጉት! አንዱስ ምን ሆነ?»

«እነሱ ሲያድጉ እዚህ ቤት ውስጥ ምን ነበር? አንድ ሬዲዮ፤ እሱንም ጋሼ እኛ እንዳንነካው ቁምሳጥን ላይ ነበር የሚሰቅሉት። ከሰሉ የሚቀጣጠለው ውጭ ነበር። ዛሬ ስቶቩ ጓዳ ውስጥ መሬት ላይ ነው፤ ውሃ ማፍያው ጠርዝ ላይ ነው፤ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ምንጣፉ መሀል ተዘርግቷል፤ ካውያውም ይኸው እዚህ አለ። ቤቱ ሌላ ቤት ሆኗል፤ ጥበቃው ግን የድሮው ነው።»

«ዳንቴሉን ደግሞ ለጌጥ ብቻ ያነጠፍኩት ይመስልሃል። የአዳማን አቧራ ረሳኸው? ንፋሱ ሲነሣ ቡፌው ላይ ስምህን በጣትህ መጻፍ ትችላለህ!»

«ይሸፈን፤ ግን አይንጠልጠል።»

«ያልተንጠለጠለ ዳንቴል ምኑ ዳንቴል ነው?» ብለው ሳቁና ጨመሩበት፦ «ሰው ውጭ አገር ሄዶ ገንዘብ ያመጣል፤ አንተ ፍርሃት ይዘህ መጣህ።»

በክርክር መሀል በጣም የሚያመው ቃል ሰውየው ለራሱ ሲለው የከረመውን ቃል ሌላ ሰው ሲደግምለት ነው። ልዑልሰገድ ኖርዌይ ሳለ የሥራ ባልደረቦቹ የመጸዳጃ ቤት ክዳን ሳይቀር በፕላስቲክ ቁልፍ ሲቆልፉ እያየ ይስቅ ነበር። አሁን የሚሳቅበት እሱ ሆኗል። ያም ሆኖ የሃዊ ነገር አላስተኛው አለ፤ በማግስቱ ጠዋት የአባቱን መሰርሰሪያና ከሻንጣው ያወጣውን የብረት ገመድ ማሰሪያ ይዞ ከች አለ።

«ምንድን ነው ደግሞ እሱ?»

«ዳንቴሉን አልነካብዎትም። ቴሌቪዥኑን ከግድግዳው ጋር አስረዋለሁ፤ ዳንቴሉ ቢሳብ እንኳ ቴሌቪዥኑ አይወድቅም።»

«ካልነካኸው እሺ።»

ልዑልሰገድ ለካ፣ ምልክት አደረገ፣ መሰርሰሪያውን ደገነ። ዘጠኝ ዓመት የኖረበት አገር ግድግዳው እንጨት ነው፤ የእትዬ ሮማነወርቅ ግድግዳ ግን ጭቃ ነው፤ ላዩ በሲሚንቶ ተለስኗል። መሰርሰሪያው ሁለቴ እንደዞረ ዳቦ የሚያህል ልስን ተገምሶ ቡፌው ላይ ወረደ፤ አቧራው ሳሎኑን ሞላው።

እትዬ ሮማነወርቅ መጀመሪያ ደነገጡ፤ ቀጥሎ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ኧረ በስመአብ! ሃዊ እንኳ ይህን አላደረገችም! ከልጅቷ በፊት መጠበቅ ያለብኝ አንተን ነው ለካ!»

ልዑልሰገድ ፀጉሩ ነጭ ሆኖ ምንጣፉ ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ። ያ ሁሉ ትምህርት አንድ የጭቃ ግድግዳ አላሸነፈም። ተነሥቶ ሊሄድ ነበር፤ ግን ከተቀመጠበት ቀና ሲል ፊት ለፊቱ ጨሌዎቹን አየ። ጠዋት በመስኮት የገባው ፀሐይ አርፎባቸው እንደ ሮማን ፍሬ ያበራሉ።

«እትዬ ሮማን፣ እስኪ ይምጡ። እዚህ፣ ከኔ አጠገብ።»

«መሬት ላይ? በዚህ ጉልበቴ? እኔ'ኮ ከቤተ ክርስቲያን ውጪ ተንበርክኬ አላውቅም!»

«ስለ ሃዊ ይንበርከኩ።»

በሃዊ ስም የተጠየቁትን እምቢ ማለት አይሆንላቸውም። በአንድ እጃቸው ትከሻውን፣ በሌላው ሶፋውን ይዘው፣ «ወይ ጉድ፣ ወይ ዕድሜ» እያሉ ወረዱ።

«በእጅዎም ይደገፉ። የሃዊ ቁመት እዚህ ላይ ነው። አሁን ምን ያያሉ?»

እትዬ ሮማነወርቅ ሠላሳ ዓመት የኖሩበትን ሳሎን እንደ አዲስ ቤት ቃኙት። ሶፋው ተራራ ሆኗል። የጠረጴዛው ጠርዝ ግንባራቸው ትይዩ ነው። የማከፋፈያው ቀይ መብራት አፍንጫቸው ሥር ብልጭ ይላል። የባላቸው ፎቶግራፍ ከዚያ አይታይም፤ የሚታየው ዳንቴሉ ብቻ ነው።

«ለካ ከዚህ ሲታይ ነው የሚያምረው!» አሉ ተደንቀው። «ተመልከተው እስኪ ጽጌረዳውን! ጨሌውንማ ተወው፤ ይጠራል'ኮ!»

«እትዬ ሮማን።»

«አቤት።»

«እጅዎ የት ነው ያለው?»

ወደ እጃቸው ተመለከቱ። ሁለቱ ጣቶቻቸው ሳያዟቸው ሄደው አንዷን ጨሌ ጨብጠዋታል። ቶሎ ለቀቋት።

ቀላል ሴት ስላልሆኑ ግን እጃቸውን ወዲያው አልሰጡም። «ብትይዘውስ? ሕፃን ናት፤ ምን ጉልበት አላት?»

«ምናልባት ክሩ ቀድሞ ይበጠስ ይሆናል።»

«የኔ ክር?» ተቆጡ። «የኔ ክር አይበጠስም!»

«እንሞክረዋ!»

ጓዳ ውስጥ ጫምሳ ያመጣው የመቂ ሽንኩርት ነበር፤ ጫምሳ መቂ ላይ ለአዲስ አበባ መኪና ሽንኩርት የሚያስጭን ደላላ ስለሆነ ይህ ቤት ሽንኩርት ጎሎት አያውቅም። ልዑልሰገድ ዘንቢል አስመጣና፣ «ሃዊን ሲያቅፏት የምትከብደውን ያህል ይሙሉት» አላቸው። እሳቸውም እየሞሉ፣ እያነሡ፣ «አይ፣ ከዚህ ትከብዳለች፤ ወፍራም ናት የኔ ልጅ» እያሉ ጨማመሩ። ቡፌው ሥር ፍራሽ ተነጠፈ። ዘንቢሉ በጆሮው ከዳንቴሉ ጫፍ ጋር ታሰረና ቀስ ተብሎ ተለቀቀ።

ቴሌቪዥኑ ንቅንቅ አላለም። ክሩም አልተበጠሰም።

«እሰይ! አላልኩህም?» አሉ እትዬ ሮማነወርቅ እያጨበጨቡ።

«ሃዊ እንዲህ ጸጥ ብላ ትንጠለጠላለች?»

«እሷማ ሳትዘል አታድርም።»

ልዑልሰገድ ዘንቢሉን በአንድ ጣቱ ወደ ታች ነቅነቅ አደረገው። ጽጌረዳዎቹ ተንሸራተቱ፤ ቴሌቪዥኑ ጎንበስ አለ፤ ለአፍታ የሚያስብ መሰለ፤ ከዚያ በግንባሩ ቁልቁል መጣና ዘንቢሉ ላይ ዷ! አለ። ሽንኩርቱ ሶፋው ሥር፣ ጠረጴዛው ሥር፣ እስከ በረንዳው ድረስ ተንከባለለ።

ልዑልሰገድ ቴሌቪዥኑን ቀና አደረገው፤ ፍራሹ አትርፎታል። ከሥሩ ግን ሁለት ሦስት ራስ ሽንኩርት ጭፍልቅ ብሎ ነበር።

እትዬ ሮማነወርቅ የተጨፈለቀውን ሽንኩርት ትኩር ብለው አዩት። የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

«ሽንኩርቱ ነው» አሉ።

«አዎ፣ ይህ የመቂ ሽንኩርት ኃይለኛ ነው» አለ ልዑልሰገድም፤ የሱም ዓይን እንባ አቅርሯል።

ከዚህ በኋላ ክርክሩ ተገላበጠ። ልዑልሰገድ በተቦደሰው ግድግዳ ተስፋ ቆርጦ ቴሌቪዥኑ መሬት ይቀመጥ ሲል፣ እትዬ ሮማነወርቅ ጫማቸውን አውልቀው በተረከዙ ግድግዳውን ኳ ኳ እያደረጉ ሄዱ።

«ይህን ቤት ስንሠራ ጭቃውን ያቦካሁት እኔ ነኝ። ቋሚው እንጨት እዚህ ጋ ነው። ለዚህ ነው የሱ ፎቶ በአንድ ሚስማር ይህን ሁሉ ዘመን የቆየው።»

«ታዲያ ፎቶውን ልናነሣው ነው?»

ቀና ብለው ባላቸውን አዩአቸው። «ወደ መስኮቱ አዛውረው። ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ ለልጅ ልጁ ቦታ ቢለቅ አይከፋውም። ደግሞ ከዚያ ሆኖ ቴሌቪዥኑን ፊት ለፊት ያያል።»

ብሎኑ ቋሚው እንጨት ውስጥ ሲገባ አልተንቀሳቀሰም። ቴሌቪዥኑ ወደ ቡፌው ጀርባ ተጠግቶ ታሰረ። ማከፋፈያው ከምንጣፉ ተነሥቶ ከቡፌው በስተኋላ ግድግዳው ላይ ተመታ። የውሃ ማፍያው ወደ ውስጥ ገባ፤ ሽቦውም ተጠቅልሎ አጠረ፤ ውሃው እንደፈላ ከሶኬት ሊነቀል ተስማሙ።

ስቶቩ ላይ ግን እንደገና ተጣሉ።

«ከፍ ማለት አለበት» አለ ልዑልሰገድ። «መሬት ላይ የተቀመጠ ስቶቭ ለሃዊ በእጇ ልክ የተሠራ ነው። የድስቱ ጆሮም ወደ ውጭ ነው የዞረው።»

«እኔስ? ወገቤ ቆሜ ያበስላል? በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምሠራው። ለልጅቷ ብለህ አሮጊቷን ልትሰብራት ነው?»

ልዑልሰገድ የተማረው መጽሐፍ ሰው ሁሉ ቆሞ እንደሚያበስል አድርጎ የተጻፈ ነው። ትንሽ አሰበና፣ «እሺ፣ እርስዎም ቁጭ ይበሉ፤ ስቶቩም ይቀመጥ፤ ልጅቷ ግን ጓዳ አትገባም» አለ። ወደ አናጢ ሄደው ለጓዳው በር እስከ ወገብ የሚደርስ፣ መቀርቀሪያው በጓዳው በኩል የሆነ የርብራብ መዝጊያ አሠሩ። የድስቱን ጆሮ ወደ ግድግዳ ማዞር ደግሞ ወገብ አይጠይቅም።

የቀረው ዳንቴሉ ነበር። ልዑልሰገድ ስለሱ ትንፍሽ አላለም። ማታ ተሰናብቶ ሲወጣ እትዬ ሮማነወርቅ መነጽራቸውን አድርገው፣ ኪሮሻቸውን ከመሳቢያ አውጥተው፣ ዳንቴሉን ጭናቸው ላይ ዘርግተው አያቸው። ጨሌዎቹ በአንድ ሲኒ ውስጥ ተጠራቅመዋል። ከጠርዙ የክር ጫፍ ፈልገው አገኙና ሳቡት፤ የመጀመሪያው ጽጌረዳ ተፈታ።

እሑድ ልዩና ጫምሳ ሃዊን ይዘው ሲመጡ ልዑልሰገድም እዚያው ነበር። ጫምሳ ገና ከበሩ፣ «አካም ጅርቱ እማዬ!» ሲል እትዬ ሮማነወርቅ፣ «ፈያ፣ ፈያ፤ ግቡ!» አሉ፤ ዓይናቸው ግን የሄደው ወደ ልጃቸው ፊት ነው። ልዩ ሰላምታዋን በቅጡ ሳትጨርስ ቤቱን መቃኘት ጀመረች። ሽቦ ፈለገች፤ አጣች። ቴሌቪዥኑን ገፋ አደረገችው፤ አልተነቃነቀም። ጓዳ ልትገባ ስትል በርብራቡ ታግዳ ቆመች።

«እማዬ፣ ማን ነው ይህን ያስደረገሽ?»

«ማን ያስደርገኛል? ዓይን የለኝም?» አሉ እትዬ ሮማነወርቅ። ልዑልሰገድ ጣሪያውን ተመለከተ። «እሺ፣ እሱ ትንሽ ረድቶኛል። ግድግዳውንም አፍርሷል።»

ከዚያ ልዩ ቡፌውን አየች። ዳንቴሉ በቡፌው ልክ ተስተካክሎ፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ ታጥፎ ተሰፍቷል፤ አንዲት ክር ወደ ታች አትወርድም።

«የመልሴ ዳንቴል!» አለች ደንግጣ። «እማዬ፣ ተረተርሽው?»

«አንቺን ዳርኩበት፤ በቃ፣ ሥራውን ጨርሷል። በይ ንገሪኝ፤ ትተዪልኛለሽ ወይስ ሁሩታ ትወስጂያታለሽ?»

ልዩ ሃዊን ከጀርባዋ ፈትታ ወለሉ ላይ አቆመቻት፤ የልጅቷን ልብስ የያዘውን ሻንጣም ሶፋው አጠገብ አስቀመጠችው። ሌላ መልስ አላስፈለገም።

በዚህ መሀል ጎረቤታቸው ወይዘሮ ቀመሪያ የእንግዶቹን ድምፅ ሰምተው ብቅ አሉ። ርብራቡን አይተው፣ የቴሌቪዥኑን ገመድ አይተው፣ «ሮማን፣ ቤቱን እስር ቤት አደረግሽው እንዴ?» ብለው ሳቁ። «ልጅ የሚጠበቀው'ኮ በዓይን ነው!»

እትዬ ሮማነወርቅ በሁለት ቀን ውስጥ ሌላ ሰው ሆነዋል። «ቀመሪያ፣ ተንበርከኪ» አሉ።

«ምን?»

«ተንበርከኪ ብዬሻለሁ። በእጅሽም ተደገፊ። ልዑሌ፣ ትከሻህን ስጣት።» ወይዘሮ ቀመሪያም እየሳቁ፣ «ያ አላህ!» እያሉ ወረዱ። እትዬ ሮማነወርቅ ከበላያቸው ቆመው ልዑልሰገድ ከነገራቸው ይልቅ አሳምረው ይነግሯቸው ጀመር። «ሃዊ ስትመጣ ቀኑን ሙሉ "ተይ፣ አትንኪ፣ ነይ ከዚያ" ስል እውል ነበር። ልጅቷ ከኔ የምትሰማው ይህን ብቻ ነበር። አሁን የሚያቃጥለው ርቋል፤ የሚወድቀው ታስሯል፤ ስለዚህ "ነይ፣ ተጫወቺ" እላታለሁ። በር ቢንኳኳ ልቤ አይሸበርም። ዕቃዬም ዕድሜ ያገኛል፤ ሽቦ እየተነቀለ ስለሚያድር ቤቱም ከእሳት ይድናል። ዓይን ይደክማል ቀመሪያ፤ ገመድ ግን አይደክምም። ይልቅ ንገሪኝ፤ የአንቺ ስቶቭ የት ነው የተቀመጠው?»

ወይዘሮ ቀመሪያ ከመሬት ሳይነሡ ወደ ልዑልሰገድ ዞሩ። «አንተ፣ ነገ ጠዋት ሥራ አለህ?»

ልዑልሰገድ ሥራ እንዳለው ራሱም አያውቅም ነበር። ወደ ኖርዌይ ልመለስ፣ አልመለስ እያለ የሚውል ሰው ነገ ጠዋት የሚባል ቀጠሮ አልነበረውም። «አለኝ» አለ፤ «እርስዎ ቤት።»

«መሰርሰሪያውን ግን እንዳታመጣው!» ብለው እትዬ ሮማነወርቅ ሁሉንም አሳቁ።

ሃዊ ይህ ሁሉ ሳይገዳት በትንንሽ እርምጃዎቿ ወደ ቡፌው ሄደች። ቀና አለች። ባለፈው ሲጠሯት የነበሩትን ቀይ ፍሬዎች ፈለገች፤ የሉም። እጇን ዘረጋች፤ የሚያዝ ነገር አጣች። ዘወር ብላ አያቷን እንደ መውቀስ አየቻቸው።

እትዬ ሮማነወርቅ ከሶፋው ትራስ ሥር ነጭ የክር ኮፍያ አወጡ። ከተረተሩት ጽጌረዳ የሠሩት ነው፤ ከፊት ለፊቱ አንዲት ጽጌረዳ ብቻ አስቀርተውበታል። ጨሌዎቹ ሲኒ ውስጥ፣ ሲኒው ቁምሳጥን ላይ ነው። ያንን ጉልበታቸውን ሳያማርሩ ተንበረከኩና ኮፍያውን ራሷ ላይ አደረጉላት።

ሃዊ እጆቿን ወደ ላይ ሰደደች። ጽጌረዳዋን አገኘቻት። በሁለት እጇ ጨበጠችና ባለ በሌለ ኃይሏ ቁልቁል ሳበቻት።

ሰዉ ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። የወረደው ግን ኮፍያው ብቻ ነበር።